የወጣችው ኳስ

ሰሊጡ ተወቅቶ፣ ነጋዴው ጆንያውን ሰፍቶ ሲያበቃ፣ በ1932 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ገላባት ውስጥ የልጆች የቴኒስ ውድድር እንደሚደረግ ተሰማ። ገላባት በሱዳን በኩል ያለችው የድንበር ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ፊት ለፊቷ መተማ ትታያለች። መተማን ጣሊያን ከያዛት አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የአገሩ ሰው ኾር የሚለው ደረቅ ወንዝ ነው። በበጋ ፍየል ሰኮናዋን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች፤ ሰው ግን በፈቃድ ካልሆነ አይሻገረውም። በሁለቱ መንግሥታት መካከል ገና ጥይት አልተተኮሰም ነበርና የወዲህኛውና የወዲያኛው ሹማምንት በዓመት አንድ ጊዜ እየተጋበዙ የየከተማቸውን ልጆች ያጫውታሉ።

የገላባቱ ሰሊጥ ነጋዴ አብዱልሀኪም ይህን ወሬ እንደ ሰማ ወደ ካሰች ቤት ሄደ።

«ኸሊልን ታውቂዋለሽ» አላት። «አጎቱ ከካርቱም ያመጣለትን ራኬት ይዞ የጎረቤት ማሰሮ ሲሰብር ከረመ። እንግዲህ ወይ ጨዋታውን አስተምሪልኝ፣ ወይ ራኬቱን ልቀማው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አራት። እጁ ረጅም ነው፤ ትዕግሥቱ አጭር።»

«ነገ ጠዋት ይምጣ» አለች ካሰች።

ካሰች የግራዝማች ገብረማርያም ልጅ ናት። አባቷ የጭልጋ ባላባት ነበሩ፤ ጠላት ሲገባ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ገላባት ተሰደዱ። በደጉ ዘመን ሰምና ቡና ወደ ገዳሪፍ ያሻግሩ ስለነበር፣ እሷን በልጅነቷ ካርቱም ካለ የሴቶች ትምህርት ቤት አስገብተዋት ነበር። እዚያ መምህራኑ አመሻሽ ላይ ቴኒስ ይጫወታሉ። ካሰች መጀመሪያ የወደቀ ኳስ አቀባይ ነበረች፤ ኋላ ተጫዋች ጎደለና ግቢ አሏት፤ ከትምህርት ቤቱ ስትወጣ የሚያሸንፋት አልነበረም። አሁን የነጋዴ ልጆችን ፊደል ታስቆጥራለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ለምን እንዳላገባች ገላባት ያለ ስደተኛ ሁሉ ያውቃል፤ ፊቷ ግን ማንም አያነሳውም።

የገላባት ሜዳ የተሠራው በኩይሳ አፈር ነበር። የቆላው ጥቁር መሬት በበጋ ስለሚሰነጠቅ ኳስ አያነጥርም፤ የምስጥ ኩይሳ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተለስኖ ሲደርቅ ግን እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ካሰችና ኸሊል በየማለዳው፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ እዚያ ይገናኛሉ። ልጁ በጣም ይመታል፤ ኳሷ ከመረቡ ታልፋለች፣ ከሜዳው ታልፋለች፣ ከአጥሩም ታልፋለች።

«ማንን ነው የምትደበድበው?» አለችው አንድ ቀን።

«ማንንም።»

«እንዲያ ከሆነ ቀስ በል። ኳሷን መምታትህን ተው፤ ወደምትፈልገው ቦታ ላካት።»

ኸሊል አኮረፈ። በማግሥቱ ግን ላካት። በሳምንቱ ካሰች ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ ያደርሳት ጀመር። በልምምድ ላይ ዳኛ አልነበረምና፣ ከመስመር የወጣችውን ኳስ «ወጣች» የሚለው ራሱ መቺው እንዲሆን ደነገገችበት። በመጀመሪያው ሰሞን አንድም ኳስ አልወጣችበትም። ካሰች ምንም ሳትናገር ጨዋታውን እያቋረጠች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትሄድበት ከኋላዋ ሮጦ ደረሰና «እሺ፣ ወጥታ ነበር» አላት።

ውድድሩ ሲቃረብ ዋሲላ መጣች። ዋሲላ በገበያ ቀን ከመተማ ገላባት የምትመላለስ በርበሬና ጨው ሻጭ ናት፤ የሁለቱም ወገን ዘበኞች ያውቋታል። ጆንያዋን ከጥላው ሥር አስቀምጣ፣ «መስመር ላይ የሚቆመው ዳኛ ከመተማ ነው አሉ» አለች። «የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ተፈልጎ።»

«ማን ነው?» አለች ካሰች።

«ታውቂዋለሽ።»

ካሰች የላላውን የራኬት ጅማት እያጠበቀች ነበር። እጇ ቆመ። ዋሲላም ስሙን ሳትጠራ ተነሥታ ሄደች።

ደምለው የመተማ ሸማኔ ልጅ ነው። ገዳሪፍ ሄዶ ተምሮ፣ ከወረራው በፊት መተማ ቀረጥ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ግራዝማች ለንግድ መተማ በሚከርሙበት ጊዜ ካሰችና እሱ ተዋወቁ፤ መጀመሪያ የሱዳን ጋዜጣ በመዋዋስ፣ ኋላ ጋዜጣውን ምክንያት በማድረግ። ሽማግሌ ሲልክ ግራዝማች፣ «እኔ ልጄን ለቁጢት በጣሽ፣ ለሸማኔ ልጅ አልሰጥም» ብለው መለሱ። ከዚያ ጣሊያን ደረሰ። ግራዝማች ሊሰደዱ ሲሰናዱ ካሰችና ደምለው አብረው ሊሻገሩ፣ አባቷ ወደዱም ጠሉ ገላባት ላይ ሊጋቡ ተማከሩ። ሚያዝያ 1928 ነበር። ካሰች ኾሩ ዳር ጎሕ ሲቀድ ጀምራ አሸዋው እግር እስኪያቃጥል ጠበቀችው። የመጣችው ዋሲላ ናት።

«ደምለው አይመጣም» አለቻት።

ካሰች ለምን አላለችም። ዋሲላ ልትቀጥል አፏን ስትከፍት «ይበቃኛል» ብላ ፊቷን ወደ ሱዳን አዞረች። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የሰማችው አንድ ነገር ነው፦ ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሆኗል። ስደተኛው ባንዳ ይለዋል። እሷም ሰው ሲለው ዝም ትላለች። ንዴት ነው ብላ የያዘችው ነገር ንዴት ብቻ እንዳልሆነ የገባት ግን፣ ያን ቀን የራኬቱን ጅማት ይዛ ስትቀር፣ ዋሲላ ያልጠራችውን ስም ልቧ ሲጠራው ነው።

ውድድሩ ቅዳሜ ተጀመረ። እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ቢያንስ በሁለት በልጦ ስድስት ጌም የሞላ ያልፋል። ኸሊል መጀመሪያ የደረሰው አንድ ግብፃዊ የፖስታ ጸሐፊ ልጅ ነበር። ሦስት ለባዶ ሲመራው ኸሊል ራኬቱን መሬት ላይ ወረወረ። ቦታ ሲቀያየሩ ካሰች ውሃ ሰጠችው።

«ራኬቱ ምን አደረገህ?»

«መሬቱ ነው እትዬ። ኳሷ እየዘለለች…»

«መሬቱ ለሁለታችሁም አንድ ነው። ጠጣ። ከመጀመርህ በፊት ኳሷን አንጥር፤ አንጥረህ ተንፍስ። ከተነፈስህ በኋላ ላካት። ሌላ ነገር አታስብ።»

ኸሊል አነጠረ፤ ተነፈሰ። ስድስት ለአራት አሸነፈ። ከሰዓት በኋላም የገዳሪፉን የግሪክ ነጋዴ ልጅ ብዙ ሳይቸገር አሸነፈው።

ደምለው ሁሉን ጨዋታ ከኋላው መስመር ጫፍ ቆሞ ዋለ። ካኪ ለብሷል፤ ከስቷል፤ ከጆሮው በላይ ጥቂት ሽበት ወጥቶበታል፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ካሰች ልጁን ታያለች፤ ኳሷን ታያለች፤ እሱን ላለማየት ብዙ ደከመች። በእረፍት ሰዓት ውሃ ልትቀዳ ዚር ወደሚባለው የሸክላ ጋን ስትሄድ እዚያ ቆሞ አገኘችው።

«እንደምን ሰነበትሽ ካሰች» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ?»

ደምለው የያዘውን ጣሳ አየው። «እርስዎ» ያለችው በዕድሜ እንዳልሆነ፣ በክብርም እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ልጁ ጎበዝ ነው» አለ ቆይቶ። «ደህና አስተምረሽዋል።»

«ዳኛ ተጫዋች ሲያመሰግን ደግ አይደለም።»

«እውነትሽን ነው» አለና ጣሳውን አስቀምጦ ሄደ። ካሰች የእሱ እጅ ያረፈበትን ጣሳ አንሥታ ቀዳች።

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ነው። ተጋጣሚው ሬንዞ፣ የመተማው የመንገድ መሐንዲስ ልጅ፣ ቀጭንና ጨዋ ልጅ ነበር፤ ኳስ ሲበላሽበት እንኳ ፊቱን አያጨማድድም። በአንድ በኩል ጣሊያኖቹ ወንበር ተደርድሮላቸው ተቀምጠዋል። በሌላው በኩል ስደተኛው ቆሟል፣ ሱዳኑ ቆሟል፣ ነጋዴው ቆሟል። ግራዝማች ገብረማርያም ፊት ወንበር ተሰጥቷቸው ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ስደተኛው ቴኒስ አያውቅም። ግን አራት ዓመት ሙሉ ያጣውን ድል ያን ቀን ከአንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይጠብቅ ነበር፤ ይህን ደግሞ ካሰች ከሁሉ አስቀድማ ስላወቀች ፈርታለች።

«ሰዎቹን አትስማ» አለችው ኸሊልን። «ለነሱ ምንም ዕዳ የለብህም።»

«አባቴስ?»

«ለአባትህም። ኳሷን ላካት፣ ሌላ የለም።»

ጨዋታው ረዘመ። አንዱ ሲወስድ ሌላው ይመልሳል። ሬንዞ ከኋላ ይጫወታል፤ ኸሊል ረጅም እጁን ይዞ ወደ መረቡ ይገፋል። አራት ለአራት ከሆኑ በኋላ ኸሊል አንድ ጌም ወሰደ፤ አምስት ለአራት። የሚቀጥለው ላይ አርባ ለሠላሳ ደረሰ። ለማሸነፍ አንድ ኳስ ቀረው።

ሬንዞ ኳሷን አጠር አድርጎ ላካት። ኸሊል ሮጦ ደረሰባትና ከሬንዞ ኋላ፣ ወደ ቀኙ ማዕዘን ሰደዳት። ሬንዞ አልደረሰባትም። ስደተኛው እልል ሊል አፉን ከፈተ።

ደምለው እጁን አነሣ። «ወጥታለች» አለ፤ በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛም ደገመው።

 ከዚያ «ባንዳ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ሌላው ተቀበለው። ሸጋው የሚባል የቋራ ሰው፣ ከዐርበኞች ጋር ቆስሎ የመጣ፣ ገመዱን አልፎ ሜዳው ውስጥ ገባ፤ ሌሎች ተከተሉት። ኳሷ አፈሩ ላይ የተወችውን ምልክት እግር ረገጠውና ጠፋ። እንግሊዛዊው ዋና ዳኛ ከመረቡ ዘንድ ከፍ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ ኳሷ የወደቀችበትን አላየም። ደምለው ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ኳሷ ካሰች ፊት ነው የወደቀች» አለ ሸጋው። «እሷ ትናገር። የኛው ልጅ ናት።»

ዋና ዳኛው ሸጋው ምን እንዳለ አስጠየቀ። ተነገረው። ካሰች ከመስመሩ ጫፍ ጥቂት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ እንደነበር እሱም ያውቃል። ትናገር አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አባቷ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ያዩዋታል። አብዱልሀኪም ያያታል። ኸሊል ላብ እየተንጠባጠበ፣ ራኬቱን በሁለት እጁ ይዞ ያያታል። ደምለውም አያት፤ ግን አልለመናትም። ኳሷ ከመስመሩ የራቀችው አንዲት ጣት ያህል ነው፤ ካሰች አይታታለች። ገብታለች ብትል ልጁ አሸናፊ ነው፣ አባቷ ቀና ብለው ይሄዳሉ፣ ስደተኛውም አንድ ሌሊት ደስ ብሎት ያድራል። የሚወድቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥሏት የቀረው ነው።

ተነሥታ ቆመች።

«ወጥታለች» አለች። ሁሉ እንዲሰማ በአረብኛም ደገመችው።

ማንም አልጮኸም። ጩኸት ይሻላት ነበር። ሸጋው ጥቂት አያትና ምራቁን ወደ መሬት ተፍቶ ወጣ። ኸሊል በጥፊ የተመታ ያህል ቆሞ ቀረ። ጨዋታው ቀጠለ፤ ልጁ ግን ማንጠሩንም መተንፈሱንም ረሳ። ሰባት ለአምስት ተሸነፈ። ሬንዞ መረቡ ዘንድ መጥቶ እጁን ሲዘረጋለት ጨበጠው። ካሰች የዘረጋችለትን ውሃ ግን አልተቀበላትም፤ አልፏት ሄደ። ስለ ልጁ ያን ሰዓት የተሰማት ሐዘን ከምታስበው በላይ ነበር።

ከሜዳው በስተጀርባ አንድ ትልቅ የኩመር ዛፍ አለ። ካሰች ሰው እስኪበተን እዚያ ቆመች። ደምለው መጣ። ወደ መተማ የሚመለሱት ሰዎች መኪና ላይ እየወጡ ነበር፤ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ሁለቱም አውቀዋል።

«ለምን አልመጣህም?» አለችው። አራት ዓመት ሳትጠይቅ የቀረችው ነው፤ «እርስዎ»ም ቀረ።

«እናቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ከእንስራዋ ጋር ወደቀች። በዋዜማው። ወገቧ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ አልቆመችም። ትቻት ልሻገር አልቻልሁም። ለዋሲላ ነግሬያት ነበር።»

ካሰች ዛፉን ተደገፈች። «ዋሲላ ልትነግረኝ ነበር። እኔ ነኝ ያላስጨረስኋት።»

«ከዚያም በኋላ ስንት ጊዜ በእሷ ላክሁብሽ።»

«ስምህን ስታነሣ አስቆማት ነበር።» ቀና ብላ አየችው። «ባንዳ ይሉሃል ደምለው።»

«ይሉኛል። አይደለሁም ብዬ አልምልልሽም። እንጀራቸውን እበላለሁ። ሐኪም ቤትና ቀረጥ ቤት አስተረጉማለሁ። አንድ ቀን ታስሮ የመጣ ገበሬ ፊት አቆሙኝ፤ ያለውን ብቻ ተረጎምሁ፤ ሰውዬውን ወደ ጎንደር ወሰዱት። ምን እንደ ሆነ አላውቅም። ይህን ካንቺ አልደብቅም።»

 ከዚህ ይልቅ ራሱን ቢከላከል፣ ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ዛሬ ገብታለች ብዬ ቢሆን ደስ ይልሽ ነበር?»

«ያን ሰዓት ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የነገርኸኝን ግን አላምንህም ነበር።»

የከዘራ ድምፅ ሰሙና ዞሩ። ግራዝማች ናቸው። ደምለው እጅ ነሣ። ሽማግሌው ሁለቱንም አይተው ሲያበቁ እሱን ጠየቁት።

«የዚያ የመተማው ሸማኔ ልጅ አንተ ነህ?»

«ነኝ ጌታዬ።»

«ለኛ ልጅ ብትፈርድ ምን ነበረ?»

«ወጥታ ነበር።»

ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጭልጋ ላይ ዳኛ ሆኜ ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ» አሉ። «ምስክር የጠፋ ለት አገር ይጠፋል ስል ኖሬ፣ ዛሬ ልጄ ስትመሰክር አፈርሁ። ቆይቼ ሳስበው ያፈርሁት በራሴ እንጂ በሷ እንዳይደለ ገባኝ።» ቀጥለውም «እናትህ በሕይወት አሉ?» አሉት።

«አሉ። ወገባቸውን ይዟቸው ተኝተዋል። ሐኪሙ ገዳሪፍ ወስደህ አሳያቸው ብሎ ከፈቀደ ቆየ። እሳቸው እንቢ አሉ። እስከዚያ ድረስ የሚሸከምም ሰው የለኝም።»

«እኔ አራት ሰው አላጣም» አሉ ግራዝማች። «ኾሩ ድረስ አምጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ የኔ ሰዎች ይሸከማሉ።» ዞረው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ቆም አሉ። «አራት ሰው ሰጠሁ እንጂ ልጄን አልሰጠሁም።»

«ገና አልተጠየቁም አባባ» አለች ካሰች።

ሽማግሌው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከመኪናው ላይ ደምለውን ጠሩት። ሳይነካት፣ ሳይሰናበታት ሮጠ፤ እሷ ግን ደረቷ ውስጥ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ተጨብጦ የኖረ ነገር ቀስ እያለ ሲፈታ ይሰማት ነበር።

ኸሊል ሁለት ቀን አልመጣም። በሦስተኛው ካሰች ሜዳውን አልፋ ስትሄድ ብቻውን ከግድግዳ ጋር ሲጫወት አየችው።

«እኔም አይቻት ነበር» አለ ወደ እሷ ሳይዞር። «መውጣቷን።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ባትናገሪ ዝም እል ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ። እኔም በአንተ ዕድሜ ዝም እል ነበር።»

ልጁ ኳሷን ያዛትና፣ «ነገ ጠዋት ነው?» አላት። ካሰች ራሷን ነቅንቃ እሺ አለችው።

በገበያ ቀን ዋሲላ የራሷን ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን ረጅም መከናነቢያ፣ አከናነበቻትና ካሰች በሻጮቹ መካከል ሆና ኾሩን ተሻገረች። የግራዝማች ልጅ መሆኗ ቢታወቅ መመለሻ አልነበራትም። ዋሲላ እንደ ልማዷ ከዘበኛው ጋር ስትሳሳቅ ካሰች አንገቷን ደፍታ አለፈች። የአሰበች ቤት፣ የደምለው እናት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ናት። አሰበች በጠፍር በተጠለፈች አንገረብ አልጋ ላይ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተኝተዋል። ደምለው ካሰችን ሲያይ ከመደቡ ተነሣ፤ ምን እንዳመጣት አልጠየቀም።

«ጠጋ በዪ፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉ አሰበች። «የግራዝማች ገብረማርያም ልጅ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ እማማ።»

«ልጄን ልትወስጂብኝ መጣሽ?»

«እርስዎን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

አሰበች ልጃቸውን አዩት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። «እኔን?» አሉ። «ወገብ የሌለኝን? አባትሽ ባሌን ምን ብለው እንደ ሰደቡት ሳልሰማ የቀረሁ መሰለሽ? በየትኛው ዓይኔ ነው ደጃቸውን የማየው?»

«ሰድበዋል፤ አላስተባብልልዎትም» አለች ካሰች። «ኾሩ ላይ ተሸካሚ ይዘው የሚጠብቁዎትም እሳቸው ናቸው። ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም እማማ። የተረፈውን እኔ አጠገብዎ ሆኜ እችለዋለሁ።»

«ባሌ እዚህ ተቀብሯል።»

«ጠላት ሲወጣ እንመልስዎታለን።»

አሰበች ጋቢያቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ውጭ የገበያው ድምፅ ይሰማል። «ይህ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «አራት ዓመት ከሥራ ወደኔ፣ ከኔ ወደ ሥራ ነው። እስሩ እኔ ነኝ እያልሁ ሞቴን ስለምን ነበር። አንቺ ግን ከነእስሩ ልትወስጂው መጣሽ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው አለቀሱ፤ ሲያበቁም «እንግዲያ አንሡኝ» አሉ።

ደምለውና ሦስት ጎረቤቶች አንገረቧን ተሸከሙ። ዘበኛው በሽተኛዋን ያውቃቸዋልና አሳለፋቸው፤ ቶብ ተከናንባ የተከተለቻቸውን ካሰችንም ልብ አላላትም። ኾሩ መካከል አሸዋው ላይ የግራዝማች ሰዎች ቆመው ነበር፤ ሸጋውም አለበት። ደምለውን ቀና ብሎ አላየውም፤ ግን ቀድሞ መጥቶ የአንገረቧን እግር ከትከሻው ተቀበለው። ግራዝማችም ወደ አሸዋው ወርደዋል። ሸክሙ ሲቀያየር የአሰበች ጋቢ ተንሸራተተና እግራቸው ተገለጠ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጋቢውን ሳብ አድርገው አለበሷቸው። ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሽመናው ጥሩ ነው» አሉ።

«የባሌ እጅ ነው» አሉ አሰበች።

«አየሁት» አሉ ግራዝማች፤ ሌላ አልጨመሩም። ተሸካሚዎቹን አስቀድመው እሳቸው በጎን ተከተሉ።

ካሰችና ደምለው ወደ ኋላ ቀሩ። ደምለው ወደ መተማ ዞሮ የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን፣ ከሥሩም የተውትን ቤት አየ። እንደማይመለስ ዘበኛው አያውቅም፤ እሱ ያውቃል። ካሰች እጁን ያዘችው። ከዚያች የሚያዝያ ጠዋት ጀምሮ በሕልሟ እንኳ ይዛው አታውቅም። እጁ ሻካራ ነበር። ሰው እያያቸው፣ እጅ ለእጅ እንደ ተያያዙ፣ አሸዋውን ወጡት።